ጥቁሩና ቀዩ ሳይቀላቀል

በደብረ ማርቆስ ስለ ጂጂ አልበም ያደረግሁት ንግግር፣ ለንባብ በመጠኑ ተስተካክሎ

እንደምን አመሻችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ «ስለ ዘፈን ንግግር አለ» ተብላችሁ ስትጠሩ ምን እንዳላችሁ መገመት አያቅተኝም። ሆኖም መጥታችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

የማወራው ስለ አንድ አልበም ብቻ ነው። ዘፋኟ እጅጋየሁ ሽባባው ናት፤ ሁላችንም ጂጂ የምንላት። አልበሙም «ጂጂ» ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በውጭ ሀገር ታትሞ ወጣ። የቻግኒ ልጅ መሆኗን ስለምታውቁ «የእኛ ናት» ብላችሁ ልታጨበጭቡ እጃችሁን እንዳሰናዳችሁ ይታየኛል። ጭብጨባውን ለመጨረሻ አቆዩልኝ። የእኛ መሆኗ አልበሙን ጥሩ አላደረገውም። ጎጃም ውስጥ የተወለደ መጥፎ ዘፈንም ሞልቷል፤ አንዳንዱን እዚሁ ከተማ፣ ከሙዚቃ ቤቶቹ በር ላይ በየቀኑ እንሰማዋለን።

ይህን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት ከአዲስ አበባ ወደዚህ ስመጣ፣ መኪና ውስጥ ነው። ጎሃ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ እየወረድን ነበር። ሹፌሩ አንድ እጁን ከመሪው ሳያነሣ በሌላው ካሴት ቀየረ። ከጎኔ አንዲት እናት ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቁልቁለቱን ላለማየት ይመስለኛል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ዓባይ» የተባለው ዘፈን ተጀመረ። ወንዙን ስታወድሰው እናትዬዋ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። ድልድዩ ጋ ልንደርስ ስንል ዘፈኑ ዞረ፤ ጂጂ ወንዙን ማወደስ ትታ መጠየቅ ጀመረች። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገለጡ፣ በመስኮቱ ቁልቁል ውኃውን አዩት፣ ከዚያም «ነገረችው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ዛሬ የምለው ሁሉ የዚያች የአንድ ቃል ትርጓሜ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ነገሬን በአንዱ ዘፈን ስም ልጀምር፤ «ጉራማይሌ»። ወጣቶቹ ጉራማይሌ ሲባል የሚታያችሁ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ጋር የሚደባልቅ ሰው ይሆናል። እናቶቻችን ግን ቃሉን በድዳቸው ላይ ያውቁታል። ድድ ሲነቀስ አንዱ ቦታ ይጠቁራል፣ ሌላው እንደ ተፈጥሮው ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ጉራማይሌ ማለት ያ ነው። ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ተቀላቅሎ ቡናማ አይሆንም። እያንዳንዱ በየድንበሩ ይቆማል፤ ጥርሱ የሚነጣው በሁለቱ መካከል ነው። የቅኔ መምህራንም ግዕዝና አማርኛ ተራ በተራ የሚገቡበትን ቅኔ ጉራማይሌ ይሉታል። እዚያም ግዕዙ ግዕዝ፣ አማርኛው አማርኛ ነው።

ስለዚህ አልበም ሲጻፍ ዘወትር የሚደጋገመው «ቅይጥ» የሚለው ቃል ነው፤ የኢትዮጵያ ዜማ ከጃዝ ጋር፣ ከሬጌ ጋር ተቀየጠ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቅይጥ ቢሆን ኖሮ ዜማው ይለወጥ ነበር። እዚህ ዜማው ካለበት ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው የቆመበት መሬት ነው።

መሬቱን ያነጠፈው ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ ራሱ ባስ ጊታር ተጫዋች ነው። በአልበሙ ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተዋል። ጃዝ ለማትከታተሉ፣ እነዚህ በሙያቸው የኔታ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ ሊቃውንት በአንድ ቤት ሲሰበሰቡ የሚፈራው ነገር ይታወቃል፤ ሁሉም አንድ አንድ ቅኔ ልቀኝ ካለ ሙሽራዋ በገዛ ሰርጓ እንግዳ ትሆናለች።

ያ እንዳይሆን የተደረገውን ለማየት ስለ ቅኝት ትንሽ ላንሣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። የፈረንጁ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ የተሠራው ባለ ሰባት ድምፅ ለሆነ መሰላል ነው። በአምስቱ ድምፅ ሥር ኮርድ እንደ ልብ ከደረደራችሁ፣ ዜማው ውስጥ የሌለው ስድስተኛና ሰባተኛ ድምፅ ሾልኮ ይገባል፤ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀርና የቡና ቤት ሙዚቃ ይመስላል። ሰርግ ቤት ኪቦርድ ሲመታ ሰምታችሁ «የሆነ ነገር ጎደለ» ያላችሁበት ጊዜ ካለ፣ የሰማችሁት ይህንን ነው፤ የጎደለ አልነበረም፣ የተረፈ ነበር እንጂ። በዚህ አልበም በብዙው ቦታ ኮርዱ ጥቂት ነው። ባሱ አንድ ወፍራም ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ዝም ይላል፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ከጃማይካ የመጣ፣ ደብ የሚባል አሠራር ነው፤ ባዶውን ቦታ እንደ አንድ መሣሪያ ይቆጥረዋል። ዜማው በዚያ ባዶ ቦታ እንደ ፈቀደ ይሄዳል፤ የሚጎትተው የለም።

ድምጿስ? ድጓ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በማኅሌት ያሳለፉ አጎት ነበሩኝ። አንድ የፍስክ ቀን ይህን አልበም ከፈትኩላቸው። ከበሮውን ይከተሉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ሌባ ጣታቸውን መቋሚያው ላይ አድርገው ሌላ ነገር ይቆጥራሉ፤ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ትንፋሿን የት እንደምትስብ ነበር የሚቆጥሩት። ሲጨርሱ «ይህች ልጅ ከደጅ ሆና ሰምታለች» አሉ። ሴት በቤተ መቅደስ ማኅሌት እንደማትቆም ታውቃላችሁ። ጂጂ ግን በልጅነቷ ቤታቸው ይመጡ ከነበሩ ካህን ዜማ እንደተማረች በየጊዜው ተናግራለች። አጎቴ ይህን ሳይነገራቸው አገኙት።

ምኑን ሰምተው ነው? ከድጓ ምልክቶች ሦስቱን ልጥራ፤ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት። ደረት ድምፅ ከላይ ወርዶ ከደረት ሲወጣ ነው፣ ርክርክ አንዱ ፊደል ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ድፋት ሲወርድ። ጂጂን አንድ ስንኝ ስትጨርስ አድምጧት። ሌላው ዘፋኝ የመጨረሻውን ቃል ጥሎት ይሄዳል፤ እሷ ትደፋዋለች፣ ወደ ደረቷ አውርዳ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኋላ ባሱ ቢገባ እንኳን የሚያገኛት ከታች ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው፤ የደብሩ ዝቅ ያለ ድምፅና የደቡ ዝቅ ያለ ድምፅ። (የቃል ጨዋታ ማበጀቴ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ አቀበለኝ።)

ቅይጥ አይደለም ያልሁትን የማረጋግጥበት ማስረጃ አለኝ። በ2003፣ አሁንም እንደ እነሱ አቆጣጠር፣ ላስዌል ያንኑ አልበም ወስዶ ድምጿን በብዙው አስወጥቶ፣ ባሱንና ማሚቶውን አስፍቶ እንደገና ሠራው፤ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ይባላል። አሁን ሁለቱን በየተራ ላሰማችሁ... ሰማችሁ? ሁለተኛው ቆንጆ ነው፤ ሌሊት ሥራ ሲሠራ ይሰማል። ግን የየት ሀገር እንደሆነ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ? ድምጿ ሲወጣ ሀገሩ አብሮ ወጣ። ቅይጥ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲወጣ ከሌላው ላይ ነጠብጣብ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት አቢሲኒያ ኢንፊኒት ከተባለው ቡድን ጋር የሠራችው «ጽዮን ሩትስ» ደግሞ ድምጿን ወደ ሀገር ቤት መሣሪያ አስጠግቶታል፤ ዜማዋ እዚያም ያው ነው። በ2006 ያወጣችውን አልበም «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» አለችው። እኛ ሰምና ወርቅ እንላለን፤ እዚያ ወርቁ ቀድሟል። ለፈረንጅ ገበያ ወርቁን ማስቀደም ብልህነት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ታሪክ አነጋገሯ ልለፍ። የዘፈኖቹን ርዕስ ብቻ እዩ፤ «መንገደኛ»፣ «ተው አንተ ሰው»፣ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ካህን»፣ «ዓባይ»፣ «አድዋ»። ርዕሱ ውስጥ አንድ ሰው ወይም አንድ ቦታ ቆሟል፤ ያ የቆመው ደግሞ እሷ ካለችበት ሩቅ ነው። በዘመናዊ ዘፈናችን «አንተ» እና «አንቺ» ሲባል ዘወትር ፍቅረኛ ነው። ጂጂ ይህን «አንተ» ወስዳ ለወንዝ ሰጠችው።

«ዓባይ»ን ጠጋ ብለን እንየው። የሚጀምረው በውዳሴ ነው፤ ውበቱ የማያረጅ፣ የማይደርቅ፣ የማይነጥፍ ትለዋለች። ሁሉም በ«የማይ» የተሠሩ ናቸው፤ ምን እንዳልሆነ እየነገረች ታወድሰዋለች። ይህን አነጋገር ከየት እናውቀዋለን? ፈጣሪ ሲመሰገን የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ የማይመረመር ይባላል። የቤተ ክህነት ውዳሴ ነው፤ ለወንዝ ያዋሰችው። ቀጥላ ውኃው ከአዳም ፍጥረት ጀምሮ ከገነት የፈለቀ ነው ትላለች፤ ኦሪት ዘፍጥረት ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከባል የሚለውን ሰከላ ላይ፣ ግሽ ዓባይ ጸበል የሚጠጣ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ የሀገር ጸጋ፣ የሀገር ልብስ ትለዋለች። ልብስ የምትለዋን ቃል አትለፏት። ካርታ ላይ ብታዩት ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ይሄዳል፤ እንደ ኩታ ተጣጥፎብናል። ግን የማያሞቅ ኩታ ነው።

ዘፈኑ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ስለ ወንዙ የሀገሬው ተረት ውዳሴ አይደለም፤ ወቀሳ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንላለን። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ሌላው ዘፋኝ ቢሆን ከእነዚህ ተረቶች ይጀምር ነበር፤ ምሬቱ ዝግጁ ነውና። እሷ ተረቶቹን አንድም ሳትጠራ ወደ እነሱ በውዳሴ በኩል ሄደች። መጀመሪያ አገነነችው። ቀጥሎ ወንዙ ሲነካ ሌሎች ለምን እንደ ደነገጡ ትነግረናለች፤ ለካ ሥጋና ደማቸው ኖሯል፣ የሚበሉትም የሚጠጡትም ውኃው ነው። ልብ በሉ፣ በእነሱ ላይ ቁጣ የለም፤ ገብቷታል። ቁጣው ለእሱ ተቀምጧል። ተራብን፣ ተጠማን ብለው ሲጠሩህ አትሰማም፤ ግብፅ ከተማ ምን ያስቀመጥከው ነገር አለ? ትለዋለች።

ይህን ጥያቄ ማን ነው የሚጠይቀው? ፖለቲከኛ አይደለም። በዚህ ክፍለ ሀገር ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ሌላ ቤት እየዋለ የሚያመሽ ባሏን «እዚያ ምን አስቀምጠህ ነው?» ያለች ሴት አታውቁም? ሰሙ ወንዝ ነው፤ ወርቁ ቤቱ እየራበው ሌላ ቤት የሚመግብ አባወራ ነው። መኪና ውስጥ ያሉት እናት «ነገረችው» ያሉት ለዚህ ነው። «ዘፈነችለት» አላሉም። ስሙ ራሱ ሁለት ነው፤ ዓባይ በግዕዙ ታላቅ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ «አባይ ጠንቋይ» ስንል ሐሰተኛ ማለታችን ነው። ጂጂ የመጨረሻውን ትርጉም አትጠራውም፤ ግን ስሙን እያስረዘመች ደጋግማ ስትጠራው ጆሯችን ሁለቱንም ይሰማል።

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ ዘፈኑ ወደ አሥር ዓመት ይቀድመዋል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዛሬ ዘፈኑን የግድብ መዝሙር አድርገው የሚያሰሙት ብዙ ናቸው፤ ክፋት የለውም፣ ግን ዘፈኑን ከግማሹ ቆርጠው ውዳሴውን ብቻ ሲያሰሙ ያናድደኛል። ዘፈኑ ያለው ከመታጠፊያው በኋላ ነው።

ስለ «ባለ ዋሽንቱ» አጭር ነገር ልበል። ዋሽንት አንዱ ርዝመት ለአንድ ቅኝት መነሻ ብቻ ስለሚሆን ነፊው ብዙ ይዞ ይዞራል። አልበሙ ግን እሱን እንደ ጌጥ መሣሪያ ብቻ አልተጠቀመበትም፤ ሰውዬውን ርዕስ አድርጎታል። ውጭ ሀገር የሚሠራ የአፍሪካ አልበም አብዛኛውን ጊዜ ዋሽንቱን ወስዶ ነፊውን ይረሳል።

ሁሉም ጥሩ ነው ግን አልልም። በአንዳንድ ቦታ ነፊዎቹ ጂጂ ቃሏን ሳትጨርስ ይገባሉ፤ ሳክስፎኑ የራሱን ታሪክ ሊያወራ ይፈልጋል፣ የእሷ ታሪክ ደግሞ ገና አላለቀም። ማሚቶው የበዛበትም አለ፤ ድምጿ ከዋሻ የሚመጣ ይመስላል። ከመካከል ላይ ሁለት ዘፈን ቢቀነስለት አልበሙ አይጎዳም ነበር፤ የትኞቹን እንደሆነ ግን አልናገርም፣ ከመካከላችሁ በእነሱ ሰርጋችሁን ያደረጋችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁና።

ቅደም ተከተሉ ግን ታስቦበታል። የመጀመሪያው «ጉድ ፈላ» ነው። ጎረቤት ያልለመደውን ነገር ሲያይ የሚለው ቃል ነው፤ ሰሚው ይህን አዲስ ድምፅ ሰምቶ ሊል ያሰበውን እሷ ቀድማ ርዕስ አደረገችበት። አፍ ማዘጋት ይሉታል። መጨረሻ ላይ «ናፈቀኝ» ይመጣል፤ ከእሱ በኋላ «አድዋ»። አልበሙ ናፍቆት ላይ ቢያልቅ ኖሮ የስደተኛ አልበም ይሆን ነበር፤ እንባችንን ጠርገን እንነሣ ነበር። እሷ ግን ከግል ናፍቆት ቀጥላ የሁሉንም ታሪክ አመጣች።

እዚህ ክፍለ ሀገር ጦርነት የሚዘፈንበት ወግ የታወቀ ነው። ቀረርቶ አለ፣ ሽለላ አለ፣ ፉከራ አለ። ፉከራ በስም ይሠራል፤ የአባት ስም፣ የፈረስ ስም፣ የገዳይ ስም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ዘምተዋል፤ አያቶቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን ሲያወሩ በስም ነበር። የጂጂ ዘፈን ግን ንጉሥ አይጠራም፣ ደጃዝማች አይጠራም፣ ፈረስ አይጠራም። አንድ ቃል ብቻ ታመላልሳለች፤ ሰው። ሰው የሞተው ሰው ሊያድን፣ ሰውን ሲያከብር ነው ትላለች። ሟቹም ሰው ነው፣ የዳነውም ሰው ነው፤ የተሟገቱለትም ነገር ሰው መሆን ነው። አንዱን ስም በሦስት ቦታ አቁማ፣ ሦስቱም እንዲለያዩ አድርጋለች። የቅኔ ተማሪ የሆነ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል።

ዜማውም አይሸልልም፤ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ውጊያው ራሱ አይተረክም፤ የመድፍ ድምፅ የለም። በእሱ ፈንታ አድዋ ራሷ ትናገር ትላለች፤ እኔ ዛሬ ከፊታችሁ እንዴት እንደ ቆምሁ ትናገር ትላለች። ማስረጃው የቆመችው ሴትዮ ናት። የመቶ ዓመት ታሪክ እንዴት በአምስት ደቂቃ ይነገራል ለሚል ጸሐፊ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከውጤቱ ጀምር፣ ውጤቱም በመድረክ ላይ ይቁም።

ከንግግሩ በኋላ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ስም ካልተጠራ የጎጃም ዘማቾች ተረሱ ማለት አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ከፊት የነበሩ አንድ አባት ወደ እሱ ዞረው፣ «ልጄ፣ ቅድመ አያትህ ዘምተዋል?» አሉት። «አዎ፣ አባባ» አለ። «እንግዲያማ ‘ሰው’ ስትል ማንን አሰብህ?» አሉት። ልጁ ተቀመጠ። እኔም ያዘጋጀሁትን መልስ ወረቀቴ ላይ ትቼ ቴፑን ከፈትሁ። «አድዋ» እስከ መጨረሻው ተሰማ። ጭብጨባውን አቆዩልኝ ብዬ ነበር፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ግን ማንም አላጨበጨበም፣ እኔም አላስታወስኳቸውም።